«ሞቷል» የተባለው የአባባ ዘሩ ስልክ

ይድረስ ለማከብርህና ለምወድህ ታላቅ ወንድሜ ለጋሼ ደርሶ፤

ከዚህ ከባሕሩ ጠረፍ የተነሣ ሰላምታዬ በረሃውንና ደጋውን አቋርጦ ከደጃፍህ ይድረስ። እንዴት ሰነበትክ? ወገብህስ እንዴት ነው? ብርድ ሲመጣ የሚነሣብህ ቁርጥማት ለቀቀህ ወይስ ዘንድሮም እንደ ሽማግሌ በዱላ ነህ? እማማስ እንዴት ናት? የዐይን ሐኪሙ የሰጣት ጠብታ ረዳት? ባለቤትህ እትዬ አዝመራስ? ልጆቹስ? ትንሿ ጥርሷ ወለቀ ብለኸኝ ነበር፤ አዲሱ በቀለላት? የሁላችሁንም ደኅንነት አንድ በአንድ ብትጽፍልኝ ደስታዬ ወሰን የለውም።

እኛ ለፈጣሪ ምስጋና ይግባውና ደኅና ነን። ልጄ ሊኖይ አሁንም ውትድርና ላይ ናት። በየሁለት ሳምንቱ ለሰንበት ትመጣለች፤ ልብሷን አጥባ፣ ማቀዝቀዣውን ባዶ አድርጋ ትሄዳለች። አክስታችን እትዬ እቴነሽ ጉልበታቸውን አሟቸው ነበር፤ አሁን ደረጃውን ያለ ሰው ርዳታ ይወርዳሉ። ምላሳቸው እንደሆነ መቼም ታሞ አያውቅም።

ጋሼ፣ ይህን ነገር በድምፅ ልልክልህ ሦስት ጊዜ ጀምሬ ሦስት ጊዜ አጠፋሁት። ስናገረው ደሜ ይፈላል፤ አንተ ደግሞ «ቀስ በይ እንጂ» ትለኛለህ። ቀስ ማለት ስላቃተኝ ጻፍኩት። ከአንተ ሰፈር የመጣ ሰው የፊታችን ሐሙስ ስለሚመለስ በእሱ እጅ ልኬልሃለሁ። ተቀምጠህ አንብበው።

ነገሩ ያ የስልክ ጉዳይ ነው። እዚያው ጎንደር አራዳ ገበያ አጠገብ አንዲት ጠባብ ክፍል ተከራይተህ የስልክ ጥገና ልትከፍት መሆኑን ነግረኸኝ፣ «እዚያ የተሰበረ ስልክ በርካሽ ይገኛል አሉ፤ በጅምላ ግዢልኝ። የሚነሣውን አንሥተን እንሸጠዋለን፣ የማይነሣውን ለመለዋወጫ እንፈታዋለን» ብለኸኝ ነበር። ሐሳቡን ወደድኩት። እኔም በኤሌክትሮኒክስ ፋብሪካው ሰሌዳ ስበይድ አሥራ አንድ ዓመቴ ነው፤ ከሥራ ስመለስ ደግሞ በሰፈሬ በአቲቆት የጎረቤቶቼን ስልክ በወጥ ቤት ጠረጴዛዬ ላይ እጠግናለሁ። የትኛው የሞተ፣ የትኛው የተኛ እንደሆነ ሳላውቅ አልቀርም። ስለዚህ ፍለጋ ጀመርኩ።

ሚግዳል በሚባለው ሰፈር ከገበያው ጀርባ ጊላድ የሚባል ሰው የስልክ ሱቅ አለው። አንድ ማክሰኞ ሄጄ የተሰበረ ስልክ በጅምላ እንደምፈልግ ነገርኩት። ወደ ጓዳው አስገብቶ አንድ ትልቅ የካርቶን ሳጥን አሳየኝ። ሰባ የሚሆን ስልክ እንደ ድንች ተጭኖበታል። «ሁሉንም ከወሰድሽ ጥሩ ዋጋ አደርግልሻለሁ፣ ማሚ» አለኝ። ማሚ ማለት እዚህ አገር ለልጅም ለሚስትም የሚሉት የማቆላመጫ ቃል ነው፤ የማያውቁኝ ሰዎች ሲሉኝ ግን ናቅ የማድረግ ነገር አለው። እሱን ዋጥኩት።

የተሰበረ ስልክ መግዛት ቁማር ነው፣ ጋሼ፤ ይህን አንተም ወደፊት ታየዋለህ። መስታወቱ ብቻ የተሰነጠቀ እንደሆነ ትርፍ ነው። ባትሪው ያበጠ እንደሆነም መድኃኒት አለው። ውኃ የገባበት ግን ዛሬ ቢበራ ነገ ይጠፋል፤ ሰሌዳው ላይ አረንጓዴ ዝገት ካየህ እጅህን አንሣ። የቀድሞው ባለቤት የቆለፈው ስልክም ለመለዋወጫ ካልሆነ ዋጋ የለውም። ይህን ሁሉ በዐይን ብቻ ማወቅ አይቻልምና «ከመግዛቴ በፊት ሦስቱን ወስጄ ልክፈታቸው» አልኩት። አንገራግሮ፣ መታወቂያዬን መያዣ አድርጎ ሦስት ሰጠኝ። እየመረጥኩ ሳለ ከብዙዎቹ ስልኮች ጀርባ ላይ የተላጠ ወረቀት ሙጫ አይቻለሁ፤ ስም ተጽፎበት የነበረ ወረቀት። ያን ጊዜ ልብ አላልኩትም፤ አሁን ሳስበው ራሴን መምታት ያምረኛል።

የመጀመሪያው ውኃ የጠጣ ነበር። ሁለተኛው ሰሌዳው ለሁለት ተሰንጥቋል። ሦስተኛውን ከፈትኩት፤ መስታወቱ ተሰባብሯል፣ የቻርጅ ማስገቢያው ተጣሟል፣ ሌላ ምንም የለበትም። ማስገቢያውን ቀየርኩ፣ ከራሴ ዕቃ መስታወት ገጠምኩለት፣ ሰካሁት። ከጥቂት ደቂቃ በኋላ በራ። ሲበራ አንድ ፎቶ ወጣ። ነጭ ነጠላ የለበሱ አንዲት ባልቴት፣ አጠገባቸው ባርኔጣ የደፉ ሽማግሌ። አባባ ዘሩና ባለቤታቸው እማማ ውብአየሁ!

አባባ ዘሩ ከእኛ ሕንፃ በሚቀጥለው መግቢያ ነው የሚኖሩት። በፈረንጆቹ ሰማንያ አራት በሱዳን በኩል በእግራቸው የመጡ ሰው ናቸው። እማማ ውብአየሁ ካረፉ አንድ ዓመት አልፏቸዋል። ስልኩን ከዚያ በላይ አልነካሁትም። በሻሽ ጠቅልዬ ይዤ ሄድኩ፤ ግን ከቦርሳዬ አላወጣሁትም፤ አስቀድሜ የድሮ ስልካቸው የት እንደደረሰ ጠየቅኳቸው።

«እሱማ ሞተ» አሉኝ። ባለፈው ሰኔ የሚሳይል ማስጠንቀቂያው ጩኸት ተሰምቶ ወደ መጠለያው ሲወርዱ ከደረጃው ላይ አምልጧቸው ወደቀ። ሚግዳል ለጊላድ ወሰዱለት። ጊላድ አገላብጦ አየና በዕብራይስጥ «ሜት» አላቸው፤ ሞቷል። «እኔም ለመንኩት፣ ልጄ» አሉኝ። «ሌላው ይቅር፣ የሴትዮዋ ድምፅ በውስጡ አለ፤ እሱን ብቻ አውጣልኝ ብዬ ለመንኩት። ማንበብ አታውቅም ነበርና የምትልክልኝ ሁሉ በድምፅ ነው። አይቻልም፣ አልቆለታል አለኝ። እኛ እንጥልልዎታለን ብሎ ወረቀት አስፈረመኝ። ከዚያ አዲሱን ሸጠልኝ።» ይህን ሲነግሩኝ አላለቀሱም፤ እንዲያውም ሰውየው ስላዘነላቸው አመሰገኑት! «ጨዋ ሰው ነው፣ ወንበር ሰጠኝ» አሉ። ቆሽቴ አረረ፣ ጋሼ። ደብድቦ የዘረፈ ሌባ ቢሆን እንኳ ሰው ይረግመዋል፤ ይኼ ግን ምርቃት ሰብስቦ ነው የዘረፋቸው።

ስልኩን አውጥቼ እጃቸው ላይ አስቀመጥኩት። ፎቶውን በአውራ ጣታቸው ጠረጉት። ከዚያ የመክፈቻውን ምልክት በጣታቸው እየጎተቱ ራሳቸው ከፈቱልኝ። የድምፅ መልእክቶቹ በማኅደሩ ውስጥ ተቀምጠዋል፤ ከሁለት መቶ በላይ ናቸው። «የቱን ላሰማዎት?» አልኳቸው። «እኔ እንጃ፣ የመጣውን» አሉ። አንዱን ነካሁት። የእማማ ውብአየሁ ድምፅ ቤቱን ሞላው፤ «ዘሩ! ሽንኩርቱን ረስተህ ነው የሄድከው። ካፖርትህም እዚሁ ተሰቅሏል። ጉንፋን ሲይዝህ ደግሞ እኔን ትጠራለህ!» አባባ ዘሩ ባርኔጣቸውን አወለቁ። እንባ የሚመጣ መስሎኝ ነበር፤ ሳቅ መጣ። «አየሻት? እንዲህ ነበረች» አሉኝ፤ «ድገሚልኝ።» አራት ጊዜ ደገምኩላቸው። በአራተኛው ነው ፊታቸውን ወደ ግድግዳው ያዞሩት።

አሁን እንግዲህ አንተው ፍረድ። እኔ በአንድ ሰዓት ያነሣሁትን ስልክ ነው ሰውየው ሞቷል ያላቸው። ሳያውቅ ነው እንዳልል፣ ሱቁ ውስጥ ከእኔ የበለጠ መሣሪያ አለው። ከፍቶም አላየው፤ ብሎኖቹ የፋብሪካ ቀለማቸውን እንደያዙ ነበሩ። ዕብራይስጥ አጣርቶ የሚናገር ወጣት ቢሆን ኖሮ ሞቷል ይለው ነበር? አይለውም!

በማግስቱ የእኛ ሽማግሌዎች ወደሚሰበሰቡበት ሞዓዶን ሄድኩ። «ጊላድ ዘንድ ስልኩ ሞቷል የተባለ ማን አለ?» ብዬ ጠየቅሁ። ዘጠኝ ሰው እጁን አነሣ። ዘጠኝ! አባባ ማንያዘዋል የሚባሉ፣ በሱዳን በረሃ ታናሽ ወንድማቸውን የቀበሩ ሰው፣ «እኔ እንኳ ዕድሌ ነው ብዬ ተቀብዬው ነበር» አሉ። የወንድማቸው አንዲቷ ፎቶ በእርጥበት ከመበላሸቷ በፊት በዚያ ስልክ አንስተዋት ነበር። ሌላ ቅጂ የላቸውም።

ቤት ስመለስ እትዬ እቴነሽ ነገሩን ሰምተው ተቆጡኝ፤ እሱን ሳይሆን እኔን። «ሳጥኑን ግዢው፤ የሰዎቹን ለሰዎቹ መልሺ፣ የተረፈውን ለወንድምሽ ላኪ። ሁሉም ይደሰታል። በሰው አገር ጥል ምን ያደርግልሻል? ዝም አይነቅዝም» አሉኝ። እኔም አንድ ቀን ሙሉ አሰብኩበት፤ አልዋሽህም፣ ጋሼ። ያንተ ክፍል ተከራይቷል፣ አንተ ትጠብቃለህ፣ ሳጥኑም በእጄ ሊገባ ነው። ግን ሰውየው የወሰደብንን መልሶ ለእኛው ሲሸጥ እኔ ገዢ ልሁን? ገንዘቡን ቆጥሮ በሚቀጥለው ወር ሌላ ሳጥን አይሞላም? ለአክስታችንም እንዲህ አልኳቸው፤ «ዝም አይነቅዝም ይላሉ እንጂ ሰው በዝምታ ይነቅዛል። ደግሞ እስከ መቼ ነው የሰው አገር የምንለው? ልጄ ጠመንጃ ተሸክማ የምትጠብቀው የማንን አገር ነው?» ሊኖይ ከጦር ሰፈሯ ደውላ ስትሰማ «ኢማ፣ አል ትቫትሪ» አለችኝ፤ እማ፣ እንዳትለቂው ማለቷ ነው።

ሳጥኑ ውስጥ ያለው የእኛ ሰዎች ስልክ መሆኑን ደውዬ ባጭሩ ስነግርህ፣ አንተ ኋላ ያንን የድምፅ መልእክት ላክህልኝ። «ምን ቸገረሽ፣ አንቺ አልሰረቅሽ፤ ገዝተሽ ነው» ያልከው። ሰምቼ ስልኬን ሶፋው ላይ ወረወርኩት። ከባዕድ ሰው ብሰማው ይሻለኝ ነበር።

እሑድ እዚህ የሥራ ቀን ነውና ጠዋት ከፋብሪካው ፈቃድ ጠይቄ አባባ ዘሩን፣ አባባ ማንያዘዋልንና ሌሎች ሦስት ሽማግሌዎችን ይዤ በአውቶቡስ ሚግዳል ወረድኩ። ምርኩዛቸውን እየተከሉ ተሰልፈው ሲገቡ ሱቁ ጠበበ። ሌሎች ደንበኞችም ነበሩ። ጊላድ መጀመሪያ ፈገግ አለ፤ ሳጥኑን ልወስድ የመጣሁ መስሎታል። ስልኩን አብርቼ ባንኮኒው ላይ አስቀመጥኩና «ይኼ ሞቷል ያልካቸው ነው» አልኩት። ፈገግታው ጠፋ። «ፈርመዋል» አለ። «ሁሉም ፈርመዋል። ወረቀት አለኝ።»

«አምጣው» አልኩት። አመጣው። ወረቀቱን ከፍ አድርጌ ያዝኩና በዕብራይስጥ አንድ ዓረፍተ ነገር አነባለሁ፣ ከዚያ በአማርኛ እፈታለሁ፤ ድምፄን ሳልቀንስ። «መሣሪያው ሊጠገን እንደማይችል ተነግሮኛል።» «አዎ፣ ተነግሮኛል» አሉ አባባ ዘሩ። «መሣሪያውንና በውስጡ ያለውን ሁሉ በፈቃዴ ለሱቁ ትቻለሁ።» እዚህ ላይ አስቆሙኝ። «እስቲ ድገሚው» አሉ። ደገምኩት። «በውስጡ ያለውን ሁሉ?» አሉና ወደ ጊላድ ዞሩ። ሁልጊዜ እጅ እየነሡ የሚያናግሩት ሰው ናቸው፤ ያን ቀን ግን ቀና ብለው ቆሙ። «ውብአየሁን ነው እንዴ የተውኩልህ? ሚስቴን ነው በፊርማ የወሰድካት?» በአማርኛ ነበር የተናገሩት። እኔ ወደ ዕብራይስጥ መለስኩት።

ወረፋ ይዛ የቆመች ኦስናት የምትባል ሴት፣ የእኛ ወገን ያልሆነች፣ ስልኳን ባንኮኒው ላይ ትታ ነበርና ቀስ ብላ መልሳ ወሰደችው። «የእኔንም ልትቀብር ነበር?» አለችው። ሌላውም ሰው የእሱን አነሣ። ጊላድ ፊቱ ቀላ። ወደ ጓዳ ጎትቶኝ «ሳጥኑን በግማሽ ዋጋ ውሰጂ፣ ይኼን ቲያትር አቁሚ» አለኝ። እምቢ ስለው «እጅሽ ጥሩ ነው፤ ለምን እዚህ አትሠሪም? ሰዎችሽም ያምኑሻል» አለኝ። ይህ ከሁሉም በላይ አቃጠለኝ፣ ወንድሜ። ሽማግሌዎቹን የሚያጠምድበት መረብ ሊያደርገኝ ፈልጎ ነው! «ሳጥኑን አውጣ፤ ባለቤቶቹ ይምረጡ» አልኩት። ደንበኞቹ እያዩ ስለሆነ አወጣው።

ሽማግሌዎቹ እንደ እህል ለቀሙ። አንዱ በጭረቱ፣ አንዷ የልጅ ልጇ በለጠፈላት አበባ ስልካቸውን ለዩ። ቤት የቀሩትን ሰዎች ስልክ እኔ በምልክታቸው ፈለግኩ። ከዘጠኙ ሰባቱ ተገኘ። ካልተገኙት ሁለቱ አንዱ የአባባ ማንያዘዋል ነው። ሳጥኑን ሦስት ጊዜ ገለበጥነው። ጊላድ ከዚህ በፊት ለሌላ ነጋዴ የሸጠው ሳጥን እንዳለ አመነ፤ ለማን እንደሆነ ግን አልናገርም አለ። አባባ ማንያዘዋል በአውቶቡሱ ውስጥ አጠገቤ ተቀምጠው «እንግዲህ ሁለት ጊዜ ቀበርኩት» አሉኝ።

ስለዚህ ድል አድርገናል ብለህ እንዳታወራ። አፍሪዳር በሚባለው ሰፈር የምትሠራ ዓዲ የምትባል ጠበቃ አለች፤ ወላጆቿ የጎንደር ሰዎች ናቸው፣ እሷ እዚሁ ተወልዳ ያደገች። ወረቀቶቹን ሰብስባ ክስ እያዘጋጀች ነው። በማይገባቸው ቋንቋ የተፈረመ ፊርማ ፊርማ አይደለም ብላ ትከራከራለች። ጊዜ ይወስዳል አለችኝ። ሱቁ ዛሬም ክፍት ነው። ትናንት በዚያ ሳልፍ ጊላድ በር ላይ ቆሞ ሲጋራ እያጨሰ ነበር፤ አየኝና ጀርባውን ሰጠኝ። ሁለት ሰው ቆሞ ይጠብቀዋል። ያን ሳይ ንዴቴ እንደ አዲስ ተነሣ።

እንግዲህ ሳጥኑን አልገዛሁልህም። ክፍሉን ተከራይተህ ባዶ መደርደሪያ ይዘህ መቀመጥህ ያሳዝነኛል፤ ይቅርታ ግን አልጠይቅህም። በምትኩ ሞዓዶኑ ውስጥና በፋብሪካው የማይፈልጉት ስልክ ያላቸውን ሰዎች ጠየቅሁ። በውስጡ ያለውን ፊታቸው አወጣሁላቸው፣ አጠፋሁት፣ መርቀው ሰጡኝ። አሥራ አንድ ስልክ ሆኗል። ስድስቱን አንሥቻቸዋለሁ፤ አምስቱ ለመለዋወጫ ይሆናሉ። አንተ የምትማርባቸውን ጥቃቅን መፍቻዎችና አንድ መበየጃም ጨምሬበታለሁ። ከሰባ አሥራ አንድ ጥቂት ነው፤ አውቃለሁ።

አንድ ነገር ግን ቃል ግባልኝ። ሰው የተሰበረ ስልኩን ይዞ ሲመጣ ፊቱ ክፈተው። ካልቻልክ አልቻልኩም በለው፤ አልቻልኩም ማለት አያሳፍርም። ካልሞተ ግን ሞቷል እንዳትለው። ገበሬ ከቆላ ተነሥቶ፣ ማንበብ ሳይችል፣ በአንተ አምኖ ሲመጣ አንተ ጊላድን እንዳትሆን። ጎንደርም ውስጥ ጊላድ መሆን ይቻላል። በዚህ ከተስማማን በየሦስት ወሩ የማገኘውን እልክልሃለሁ። ካልተስማማን ወንድሜ ነህ፣ እወድሃለሁ፣ ዕቃ ግን አልልክም።

እማማን ጉልበቷን ስመህ ሰላም በልልኝ፤ ጠብታውን እንዳታቋርጥ። እትዬ አዝመራን ስለላከችልኝ ሽሮ አመስግናት፤ እስከ ዛሬ እየቆጠብኩ ነው። ልጆቹን አንድ በአንድ ጉንጫቸውን ሳምልኝ፤ ትንሿን ደግሞ ሁለት ጊዜ። ጎረቤታችን እማማ ማሚቴ ካሉ ሰላም በልልኝ። እትዬ እቴነሽ ሰላም ብለውሃል፤ ሊኖይም «ለዶድ ደርሶ ሻሎም በይልኝ» ብላለች፤ ለአጎቴ ማለቷ ነው። አባባ ዘሩ ስምህን ጠይቀው መርቀውሃል። በመጨረሻም፣ አብሮህ ክፍሉን የተከራየው ሸሪክህ ባለፈው ስንነጋገር ከጀርባህ «የማን ስልክ እንደነበር ማን ይጠይቃል?» ሲል ሰምቼዋለሁ። ለእሱም ሰላምታዬን አድርስና፣ እኅቴ ጠየቀች በለው።

እኅትህ ማንጠግቦሽ
አሽቀሎን፣ አቲቆት
የካቲት 9 ቀን 2018 ዓ.ም.